«ሞተ» ስለሚባለው ቺፕ፦ ተረትና እውነታ

በጎግ ወረዳ፣ በፑኝዶ ተቀምጦ የኤሌክትሮኒክስን ጥበብ ለሚመረምር ወጣት፣ ምትክ ቺፕ መሻት ወደ ጋምቤላ ከተማ፣ ከዚያም አልፎ እስከ አዲስ አበባ ሰው መላክን ሊያስከትል ስለሚችል፣ ጤነኛውን ቺፕ «ተቃጠለ» ብሎ መጣል ከባድ ብክነት ነው፤ ይህም ብክነት የሚመጣው የሰዓት ምቱን የሚወስኑት ፊውዞች (በቺፑ ውስጥ የሚጻፉት የቅንብር ቢቶች) ተሳስተው ከተጻፉ ቺፑ ዳግም አይነሣም ከሚለው ተረት ነው።

እውነታው ግን ሌላ ነው። ኤቲሜጋ328ፒ የተባለው ቺፕ ከፋብሪካ ሲወጣ በውስጡ ያለው የ8 ሜጋኸርዝ ምት ለ8 ተከፍሎ በ1 ሜጋኸርዝ እንዲሠራ ተዘጋጅቶ ነው፤ ባለቤቱ ክሪስታል ሳይተክል «የውጭ ክሪስታል ተጠቀም» የሚል ትእዛዝ በፊውዙ ከጻፈበት ግን፣ ከበሮው እንዳልተመታለት ማኅሌት ዝም ብሎ ይቆማል፤ በቺፑ ላይ የሚጽፈው መሣሪያ፣ ፕሮግራመሩም፣ የቺፑን መለያ ቢጠይቀው አይመልስም፣ በተከታታይ መስመር የሚደረገው ጽሕፈት ራሱ የቺፑን ምት ይሻልና። ለስሕተቱ በር የሚከፍተው በፊውዞቹ ሥርዓት 0 «ተጽፏል»፣ 1 ደግሞ «አልተጻፈም» ማለት መሆኑ ነው፤ ይህን የግልብጥ ሥርዓት የደነገገው መሐንዲስ ስንቱን ተማሪ እንዳስለቀሰ እግዚአብሔር ይወቀው።

እንግዲህ ፈውሱ የጎደለውን ምት መስጠት ነው፦ ባለ 28 እግሩ ቺፕ ከሆነ በ9ኛውና በ10ኛው እግር መካከል የ16 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ይተከላል፣ ከሁለቱም እግሮች ባለ 22 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ወደ ግራውንድ ይወርዳል፤ ክሪስታል ከታጣ፣ ግራውንዱን ካጋራ ሌላ አርዱይኖ የወጣ የ1 ሜጋኸርዝ ምት በ9ኛው እግር ቢገባ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። የፕሮግራመሩ ፍጥነት ከቺፑ ምት ሩብ በታች ይሁን፤ በስሕተት 128 ኪሎኸርዝ የተመረጠለት ቺፕ ምት ሳይጎድለው «ሞተ» የሚባለው ከ32 ኪሎኸርዝ በላይ ስለሚያናግሩት ብቻ ነው። ከዚያ ፊውዞቹ እንደገና በትክክል ይጻፋሉ።

«አዲስ ፕሮግራም በዩኤስቢ ብጭንበት ይድናል» የሚሉም አሉ፤ አይድንም፣ በዩኤስቢ የሚመጣውን ፕሮግራም የሚቀበለው ቡትሎደር ፊውዝ አይነካምና።

ይሁን እንጂ ይህ መድኃኒት ለሁሉ አይሠራም። የሪሴት እግሩ በፊውዝ የተዘጋበት ቺፕ የ12 ቮልት ፕሮግራመር ያስፈልገዋል፤ ኤስቲኤም32 የተባለው ሌላ የቺፕ ዓይነት ደግሞ ከሪሴት ሲነሣ ምንጊዜም በገዛ ውስጣዊ ምቱ ስለሚጀምር፣ ስሕተቱ ያለው በፕሮግራሙ ነውና ቡት0 እግሩን ከፍ አድርጎ ማስነሣትና ፕሮግራሙን መደምሰስ ይበቃል።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ምት ሰጥተህ ሳትፈትነው ቺፑን አትጣል።