«ቮልስ»ና የዓባይ በረሃ፦ ተቀያሪውን በቦታው የማሰለፍ ጣጣ

አንድ አሰልጣኝ የግራ ተመላላሹ ሲጎዳበት ከተጠባባቂ ወንበር አጥቂ አንስቶ በቦታው ቢያስገባ ቢበዛ የሚከስረው ሦስት ነጥብ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ጨዋታ አለ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወንዝ በሚወርድ አሮጌ ቮልስዋገን ላይ ያለ ቦታው የገባ ተቀያሪ ግን የመልስ ጨዋታ አይሰጥም!

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 የተመረቀውንና 303 ሜትር የሚረዝመውን የሕዳሴ ድልድይ ከተሻገረ በኋላ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ጎጃም ደጋ ይወጣል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 19 ቀን 2019 ዋልያዎቹ አይቮሪኮስትን 2 ለ 1 የረቱበት የባሕር ዳር ስታዲየምም በዚሁ በኩል ይደረሳል። በደብረ ማርቆስ በኩል በመኪና ለሚጓዝ የአዲስ አበባ ደጋፊ ዓባይ በረሃ የማይቀር የማጣሪያ ጨዋታ ነው። መታጠፊያው ብዙ፣ አስፋልቱ በየቦታው የሚሰምጥና የሚያብጥ፣ ከፊት ተሳቢ፣ ከኋላ አውቶቡስ... እዚህ ላይ የመኪናው «እግር» ይፈተናል።

ቮልስ ደግሞ ለዚህ ዓይነት ሜዳ አዲስ አይደለችም። በምሥራቅ አፍሪካው የሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1954፣ በ1957 እና በ1962 አጠቃላይ አሸናፊ የሆነችው ይህችው ትንሿ መኪና ነበረች። ሞተሯ ትልቅ ስለሆነ አይደለም። ጭቃውንም ድንጋዩንም የሚችል የእግር ክፍል ስለነበራት ነው።

የኳስ ወዳጁ ደግሞ የተሠራችበትን ከተማ በሌላ ስሙ ያውቀዋል፦ ቮልፍስቡርግ! ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1938 የተቆረቆረችው ለመኪናው ፋብሪካ ስትባል ነው። ክለቡም የፋብሪካው ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በፊሊክስ ማጋት እየተመራ ቡንደስሊጋውን ሲያነሳ ግራፊቴ 28፣ ኤዲን ጄኮ 26 ጎል አስቆጥረው ነበር። ሁለቱም አጥቂ ናቸው፤ አንዱ ግን የሌላውን ሥራ አይሠራም። የቮልስ መለዋወጫም እንደዚያው ነው።

ብዙ ሰው «ቮልስ ቮልስ ናት» ይላል። ከላይ ሲያዩዋት እውነት ይመስላል። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ መልኳ ብዙም ሳይለወጥ የቆየች መኪና ናት። ከታች ገብቶ ላየ ግን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ቡድኖች አሉ።

የመጀመሪያው እስከ 1965 ሞዴል ድረስ ያለው ነው። የፊት ጎማው የሚዞረው በኪንግ ፒን ነው፤ የፊት ሾክ አብዞርበሩም ከላይም ከታችም ቀለበት አለው። ሁለተኛው ከ1966 ሞዴል ወዲህ የመጣው ቦል ጆይንት ያለው ነው። የዚህኛው ሾክ አብዞርበር ከላይ በኩል ቀለበት ሳይሆን በብሎን የሚታሰር ቀጥ ያለ ጫፍ አለው። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የወጣው 1302፣ በኋላም 1303 የተባለው ነው። እዚያ ላይ የፊቱ አሠራር ጭራሹን ተለውጦ ሞላና ሾክ አብዞርበር አንድ ላይ ቆመው ይሸከማሉ። የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይሆንም። በመዶሻና በብየዳ «እንዲሆን» ማድረግ ይቻል ይሆናል፤ ጣጣው የሚመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

በሁለቱ ቀደምት ዓይነቶች ላይ የፊቱን ክብደት የሚሸከመው ተራ ሞላ ወይም ባሌስትራ አይደለም። ከመኪናው ፊት ተጋድመው የተቀመጡ ሁለት ቱቦዎች አሉ። በውስጣቸው የተደራረቡ የብረት ዝርጎች ገብተዋል። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ዝርጎቹ ይጠመዘዛሉ፤ መልሰውም ይፈታሉ። ቱቦዎቹ ግራሶ ካላገኙ ውስጣቸው ይበላል። ያኔ አዲስ ሾክ አብዞርበር ቢገዙለትም መሪው መንቀጥቀጡን አይተውም። ባለመኪናው ገንዘቡን ጨርሶ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» እያለ ሻጩን ይረግማል። በሽታው ግን ሌላ ቦታ ነው።

የኋላው ደግሞ ይብሳል። ከኋላ በግራና በቀኝ አንዳንድ የሚጠመዘዝ ዘንግ አለ። ሁለቱ በዓይን አንድ ይመስላሉ። አይደሉም! እያንዳንዱ ወደሚጠመዘዝበት አቅጣጫ ቀድሞ የተገራ ስለሆነ የግራው ለቀኝ አይሰለፍም፤ ልክ እንደ ግራ እግረኛና ቀኝ እግረኛ የክንፍ ተጫዋቾች። ዘንጉ በውስጥ ጫፉ 40፣ በውጭ ጫፉ 44 ጥርስ አለው። ልዩነቱ በከንቱ አይደለም። ውስጡን አንድ ጥርስ ወደዚህ፣ ውጩን አንድ ጥርስ ወደዚያ ሲያዞሩት የመኪናው ቁመት ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ልክ ይስተካከላል። ሲፈታ ምልክት ሳይደረግበት የወጣ ዘንግ ተመልሶ ሲገባ ግን መኪናዋን በአንድ ጎን አንካሳ ያደርጋታል።

በብዙዎቹ ቮልሶች ላይ የኋላ ጎማ ከነአክሱ ነው የሚወዛወዘው። መታጠፊያ ላይ በፍጥነት ሲገባባት ኋላዋ ከፍ ይልና ጎማው ወደ ውስጥ ሊታጠፍ ይችላል። ዘይቱን የጨረሰ ወይም ከሌላ መኪና የተዋሰ ሾክ አብዞርበር ይህን ጠባይ ያባብሰዋል። በቦሌ መንገድ ላይ የማይታወቅ ጉድለት ዓባይ በረሃ ላይ በአንድ መታጠፊያ ይጋለጣል።

ታዲያ ትክክለኛው ዕቃ ከየት ይመጣል? ደብረ ማርቆስ ላይ የሱቁ መደርደሪያ የሚሞላው ለሚሠራው መኪና ነው፤ ለአይሱዙ፣ ለሚኒባስ፣ ለባጃጅ። ለቮልስ የሚፈለገው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ስልክ ተደውሎ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ተጠይቆ፣ ካልሆነም ከቆመ መኪና ተፈትቶ በአውቶቡስ ይላካል። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ደግሞ በሻንጣ ያስመጣል። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 ብትወጣም መለዋወጫ የሚሠሩ ድርጅቶች ዓለም ላይ አልጠፉም። ችግሩ የዕቃው መኖር ብቻ አይደለም። «የቮልስ ሾክ አብዞርበር ላክልኝ» ማለት «አንድ ተጫዋች ላክልኝ» እንደማለት ነው። በረኛ ይሁን አጥቂ ማን ይወቅ?

መልሱ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ወንበሩ ሲነሳ መሐል ላይ ባለው የሻንሲ ጉብታ ላይ ቁጥር ተቀርጿል። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት የመጨረሻ ቁጥር ይናገራል። 115 ብሎ ከጀመረና በጠቅላላው ዘጠኝ አሃዝ ከሆነ የ1965 ናት። ከ1970 ሞዴል ወዲህ አሃዙ አሥር ስለሆነ በ115 የሚጀምር አሥር አሃዝ ካለ የ1975 ናት። ሊብሬው ላይ የተጻፈውን ዓመት ብቻ አምኖ መግዛት ግን አደገኛ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ውስጥ የፊት እግሯ ከሌላ ቮልስ ተነቅሎ የገባላት መኪና ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ቁጥሩም ይነበባል፣ አሮጌው ዕቃም ተፈትቶ ፎቶው ይላካል፣ ርዝመቱም ይለካል።

ዕቃው ሲመጣም ነገሩ አላለቀም። ለዓመታት መደርደሪያ ላይ የከረመ አዲስ ዕቃ ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቆ ሊሆን ይችላል፤ በጣት ተጫን ተደርጎ ይታያል። ከቆመ መኪና የተፈታ ከሆነ ዘይት ማፍሰሱ ይፈተሻል። ሾክ አብዞርበር በጥንድ ነው የሚቀየረው፤ ግራው አዲስ ቀኙ አሮጌ ከሆነ መኪናዋ በአንድ እግሯ ትሮጣለች። ከተገጠመ በኋላ በየማዕዘኑ ወደ ታች ተጭኖ ሲለቀቅ አንዴ ተነስታ መቆም አለባት። ሁለት ሦስቴ ከተወዛወዘች መካኒኩ እንደገና ከሥር ይግባ።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጭ ያሉ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ሲያስታውቅ፣ ቤት ውስጥ ያለችውን አሮጌ መኪና መንከባከብ ለብዙዎች የትዝታ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የኪስ ጉዳይ ሆነ። ቮልስ ለዚህ አመስጋኝ መኪና ናት። ቀላል ናት፣ በትንሽ መፍቻ ትፈታለች፣ ይቅር ባይ ናት። ያለ ቦታው የገባ ዕቃን ግን ይቅር አትልም። ሁለት ሳምንት ጠብቆ ትክክለኛውን ያገጠመ ባለመኪና ደጀን ላይ ሻይውን ተረጋግቶ ይጠጣል፤ «ይሄም ይሆናል» በተባለ ዕቃ የወረደው ደግሞ ቁልቁለቱን በሙሉ መሪውን እንደጨመደደ ይጨርሰዋል። ከጨረሰው!