ጄ፦ ፋንክሽንን ከፋንክሽን ማጋጠም

ሦስት ተማሪዎች ከአስር 3፣ 5 እና 10 አገኙ እንበል። አማካዩን ለማወቅ ድምሩን ለብዛታቸው እናካፍላለን። ጄ በተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሥራው ይኸው ነው፦

(+/ % #) 3 5 10

+/ ይደምራል፣ # ይቆጥራል፣ % ያካፍላል፤ መልሱ 6። በቅንፉ ውስጥ ቁጥሮቹን የሚወክል ስም የለም፤ «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ሂድ» የሚል ትእዛዝም የለም። ይህ አጻጻፍ ታሲት ይባላል። ጄን እ.ኤ.አ. በ1990 ከሮጀር ሁዊ ጋር የሠሩት ካናዳዊው ኬኔት አይቨርሰን፣ ቀደም ሲል ኤፒኤል የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የፈጠሩና በ1979 የቱሪንግ ሽልማት የተቀበሉ ምሁር ነበሩ።

እንደ +/፣ % እና # ያሉ ሦስት ፋንክሽኖች በቅንፍ ውስጥ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግራና ቀኙ ያንኑ ዝርዝር ለየብቻ ይወስዳሉ፣ መካከለኛው ሁለቱን መልሶች ያገናኛል። ስሙ «ሹካ» ነው። ሁለት ብቻ ሲሆኑ «መንጠቆ» ይባላል፦ ቀኙ ዝርዝሩን ያሰላል፣ ግራው ደግሞ ዋናውን ዝርዝር ከዚያ መልስ ጋር ያገናኛል። ስለዚህ ከሹካው ፊት መቀነሻ ብናስገባ

(- +/ % #) 3 5 10

እያንዳንዱ ውጤት ከአማካዩ ምን ያህል እንደራቀ ይነግረናል፦ _3 _1 4። ጄ ከዜሮ በታች ያለውን ቁጥር በዚህ የታች ሰረዝ ይጽፋል። አንዲት ምልክት ጨምሮ ሌላ ቁም ነገር ማግኘት! የታሲት ውበት ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

የአንዱን መልስ በቀጥታ ለሌላው ለማቀበል ደግሞ @: አለ። *: እያንዳንዱን ቁጥር በራሱ ስለሚያባዛ

(+/ @: *:) 3 4

9ንና 16ን ደምሮ 25 ይሰጣል። ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ሁለቱን ነጥቦች ትቶ @ ብቻ ከጻፈ የሚያገኘው 9 16 ነው። *: ቁጥሮችን የሚያያቸው አንድ በአንድ በመሆኑ፣ @ ድምሩንም አንድ በአንድ ያስኬደዋል፤ 9 ብቻውን ቢደመር ያው 9 ነው። @: ግን ዝርዝሩ በሙሉ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ስህተቱ ማስጠንቀቂያ ስለማያወጣ ትምህርቱን ከዚህ መጀመር ይበጃል።

ሹካ በሹካ ውስጥ መደራረብ ሲጀምር ግን ቀመሩን ለማንበብ ጸሐፊው ራሱ ይቸገራል። ያን ጊዜ ክፍሎቹን ለየብቻ ሞክሮ ስም ሰጥቶ ማስቀመጥ ይሻላል። ጄ በነፃ ይወርዳል፤ ምንጭ ኮዱም ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ነው።