የመጠባበቂያው ቅጂ የማን ነበር?

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጥር 31 ቀን 2017 ምሽት ነው። የሶፍትዌር አልሚዎች ኮዳቸውን በሚያስቀምጡበት በጊትላብ የሚሠራ አንድ መሐንዲስ ከዳታቤዝ ጋር ሲታገል አምሽቷል። አይፈለጌ መልእክት ላኪዎች በዋናው ዳታቤዝ ላይ ጫና አብዝተውበታል፤ ግልባጩን የሚይዘው ሁለተኛው ሰርቨርም ወደ ኋላ ቀርቷል። መሐንዲሱ የሁለተኛውን ሰርቨር ፋይሎች አጥፍቶ ግልባጩን ከአዲስ ሊያስጀምር ወሰነ። ትእዛዙን የጻፈው ግን በዋናው ሰርቨር ላይ ነበር። አንድ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ነቃና አቋረጠው። ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበር።

አበው «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። ጊትላብ የተከለው አምስት ነበር። ዳታቤዙን በየቀኑ ገልብጦ ወደ አማዞን ማከማቻ መላክ የነበረበት ፕሮግራም ስሪቱ ከዳታቤዙ ስሪት ጋር ባለመስማማቱ ሥራውን አልሠራም፤ ማከማቻው ሲከፈት ባዶ ሆኖ ተገኘ። ፕሮግራሙ መክሸፉን የሚያሳውቀው ኢሜይል ደግሞ የላኪውን ማንነት የሚያጣራውን ደንብ ባለማሟላቱ እየተመለሰ ማንም ሳያየው ቀርቷል። የዲስክ ቅጂ የሚያነሳው አገልግሎት ለዳታቤዝ ሰርቨሮቹ ጨርሶ አልተከፈተም። ድርጅቱን ያተረፈው ያው መሐንዲስ ለሌላ ሙከራ ብሎ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት በእጁ ያነሳው ቅጂ ነው። በመካከል የተሠራው ግን አልተመለሰም፤ ወደ 5 ሺህ ፕሮጀክቶች፣ ያንኑ ያህል አስተያየቶችና 700 የሚሆኑ አዳዲስ የተጠቃሚ አካውንቶች ጠፉ።

ጊትላብ የማገገሚያውን ሥራ በቀጥታ ሥርጭት ለሕዝብ አሳየ፤ በኋላም ረጅም ዘገባ አወጣ። በዘገባው «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ ደጋግሞ ሲጠይቅ የደረሰበት የመጨረሻ መልስ ስለ ትእዛዙ ወይም ስለ መሐንዲሱ ድካም አያወራም። የመጠባበቂያ ቅጂው እንደሚሠራ በየጊዜው የመፈተሹ ሥራ ባለቤት አልነበረውም፤ ስለዚህም ማንም አልፈተሸውም። በሶፍትዌር ሙያ ከተጻፉ የአደጋ ዘገባዎች መካከል ይህን ያህል ቀጥተኛ መልስ የሰጠ ጥቂት ነው፤ ሙያውን ለሚጀምር ወጣት ሁሉ መነበብ የሚገባው ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። የአንድን መሥሪያ ቤት የአይቲ ክፍል ለመገምገም የሚሄድ ባለሙያ «ባክአፕ አላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ሁሉም በአንድ ድምፅ «አለ» ይሉታል። «ከዚያ ባክአፕ ሲስተሙን መልሶ ያስነሳው ሰው ማነው? መቼ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው ክፍሉ ዝም የሚለው። የሰርቨር ክፍሉ ዲስኩ በእርሱ እጅ መሆኑን፣ ይዘቱ ግን የዳታቤዝ ክፍሉ ጉዳይ መሆኑን ያስረዳል። የዳታቤዝ ባለሙያው አፕሊኬሽኑን ያቀረበውን ኩባንያ ይጠቁማል። ኩባንያው ውሉን ያወጣል፤ በውሉ ላይ የተጻፈው ገጠማና ሥልጠና ነው። በቃለ ጉባኤው ደግሞ «ባክአፑ በየጊዜው እንዲፈተሽ ክትትል ይደረግ» የሚል ውሳኔ ሰፍሮ፣ ሰባት ሰው ፈርሞበት፣ የአንድም ሰው ስም ሳይጠቀስበት ይገኛል። ከእነዚህ ሰዎች ሰነፍ የለም፤ ሁሉም የየራሳቸውን ድርሻ ሠርተዋል። የጎደለው በድርሻዎቹ መካከል ያለው ቦታ ነው።

ለዚህ ክፍተት ሙያው ካበጃቸው መሣሪያዎች ሁለቱ በአገር ቤትም በደንብ ይታወቃሉ። አንደኛው የእንግሊዝ መንግሥት የኮምፒውተር ኤጀንሲ በአውሮፓውያን 1980ዎቹ መጨረሻ ማዘጋጀት የጀመረው፣ አራተኛ እትሙም በ2019 የወጣው አይቲል ነው። ሌላው ራሲ የሚባለው ሰንጠረዥ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሥራ የሚሠራው፣ በውጤቱ የሚጠየቀው፣ የሚማከረውና የሚነገረው ማን እንደሆነ ያሰፍራል። የሚሠሩት ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚጠየቀው ግን አንድ ብቻ ነው። በአገራችን ይህ ሰንጠረዥ ሲሞላ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ዳይሬክተሮች እንዳይቀያየሙ ተብሎ ሁለቱም በተጠያቂነት ዓምድ ይጻፋሉ። ለጊዜው ሰላም ይወርዳል፤ ሲስተሙ በወደቀበት ቀን ግን ሁለቱም አንዱ የሌላውን ስልክ ይጠብቃሉ።

«ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ሰምቶ ከመስኮት ያልተመለሰ ከተሜ አይገኝም። ከመስኮቱ ጀርባ የሚሆነውን ያየ ሰው ግን ጥቂት ነው። የቅርንጫፉ ሠራተኛ ወደ ሄልፕ ዴስክ ይደውላል፤ ቲኬት ይከፈታል፤ ባለሙያው ሰርቨሩን አጥፍቶ ያስነሳል፤ አገልግሎቱ ይመለሳል፤ ቲኬቱ ይዘጋል። በሚቀጥለው ሰኞ ያው ነገር ይደገማል። አይቲል እዚህ ላይ ሁለት ሥራዎችን ይለያል። ኢንሲደንት ማኔጅመንት ሲባል የተቋረጠውን አገልግሎት በቶሎ መመለስ ነው። ፕሮብሌም ማኔጅመንት ሲባል ደግሞ የመቋረጡን መንስኤ መርምሮ ከሥሩ መንቀል ነው። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ሰው ላይ ሲጫኑ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ሰርቨሩን ቶሎ ያስነሳ ሰው በሜሞሪው ላይ የነበረውን ማስረጃ አብሮ ያጠፋል፤ ማስረጃ ልሰብስብ ብሎ የዘገየ ደግሞ ከመስኮቱ ፊት የቆመውን ሕዝብ ያስቆጣል። ስለዚህ ቶሎ የሚያስነሳው አንድ ሰው፣ ከመነሣቱ በፊት ሎጉን ለመገልበጥ አምስት ደቂቃ የመጠየቅ መብት ያለው ደግሞ ሌላ ሰው ሊሆን ይገባል። አብዛኞቹ መሥሪያ ቤቶች የመጀመሪያውን ቀጥረዋል፤ ሁለተኛውን አልቀጠሩም። ምስጋናውም ዘወትር ለሚያስነሳው ነው፤ እንዳይወድቅ ያደረገውን ማንም አያየውም፤ በዓመታዊ የሥራ አፈጻጸም ግምገማ ላይ እንኳ የሚሞላበት ሣጥን የለውም። ይህ በሙያው ውስጥ ያለ እውነተኛ በደል ነው።

ከክፍተቶቹ ሁሉ ሰፊው ግን ፕሮጀክቱ አልቆ አገልግሎቱ በሚጀምርበት ቀን የሚፈጠረው ነው። ሕንፃ ሲሠራ ጊዜያዊ ርክክብ አለ፣ የመጨረሻ ርክክብ አለ፣ በመካከሉ ጉድለት የሚታረምበት ጊዜ አለ። ሶፍትዌር ሲሆን ሪባን ተቆርጦ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ የፕሮጀክት ቡድኑ ይበተናል። በማግስቱ ስልክ የሚነሣው ሲስተሙን አንድም ቀን ነክቶ በማያውቅ ሰው ነው።

ቲኤስቢ የተባለው የብሪታንያ ባንክ ይህን በውድ ዋጋ ተምሮታል። ባንኩ ከሎይድስ ተለይቶ የስፔኑ ሳባዴል ንብረት ከሆነ በኋላ፣ በአውሮፓውያን ሚያዝያ 2018 በአንድ የሳምንት መጨረሻ ከ5 ሚሊዮን የሚበልጡ ደንበኞቹን መረጃ ወደ አዲስ ሲስተም አዛወረ። መረጃው በሰላም ተሻገረ፤ ሲስተሙ ግን ጫናውን አልቻለም። እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ ደንበኞች ከአካውንታቸው ተቆለፈባቸው፤ ነገሩ ሙሉ በሙሉ የተስተካከለው በታኅሣሥ ወር ነው። በኋላ በተደረገው ምርመራ ከሁለቱ የመረጃ ማዕከሎች በጫና የተፈተሸው አንዱ ብቻ እንደነበር ታወቀ። የአይቲ ሥራውን ያካሄደው እኅት ኩባንያ ዝግጁ መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጦ ነበር፤ ማረጋገጫው ግን ያለቀ ሥራን ሳይሆን ወደፊት ያልቃል ተብሎ የሚጠበቅን ይናገር ነበር። የቬንደር ደብዳቤ የማንበብ ልምድ ያለው የአዲስ አበባ ባለሙያ ይህን ቋንቋ በሚገባ ያውቀዋል፤ «ቀሪዎቹ ጥቂት ነጥቦች በቅርቡ ይጠናቀቃሉ» የሚለው ነው።

የብሪታንያ ተቆጣጣሪዎች በ2022 መጨረሻ ባንኩን 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። ከዚህ የሚበልጠው ትምህርት ግን በሚያዝያ 2023 የመጣው ሁለተኛው ቅጣት ነው። የባንኩ የቀድሞ የመረጃ ቴክኖሎጂ ዋና ኃላፊ በግላቸው 81,620 ፓውንድ እንዲከፍሉ ተወሰነባቸው። በብሪታንያ ከ2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ የባንክ ከፍተኛ ኃላፊዎች ድርሻቸው በስማቸው ተመዝግቦ ይያዛል። ሥራውን ለሌላ ኩባንያ መስጠት ይቻላል፤ ኩባንያው በእርግጥ መሥራቱን የማረጋገጡ ግዴታ ግን በኃላፊው ስም ይቀራል። ኃላፊው የተቀጡት ሲስተሙ ስለወደቀ ብቻ አይደለም፤ የአቅራቢውን ብቃት ለማረጋገጥ ተገቢውን እርምጃ አልወሰዱም ተብሎ ነው። የዚህ ዓምድ ጸሐፊ እምነት በአገራችንም የባንክና የቴሌኮም ተቆጣጣሪዎች ወደዚህ ዓይነቱ አሠራር መምጣት አለባቸው የሚል ነው። ከሁሉ በፊት የሚጠቀሙት ራሳቸው ኃላፊዎቹ ናቸው፤ ድርሻው በስሙ የተጻፈለት ሰው «አልተዘጋጀንም፣ ቀኑ ይራዘም» ለማለት ድፍረት ያገኛል።

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2016 ዓ.ም. ከመጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ ያሳለፈው ሌሊት ከብዙ ሰው አልጠፋም። ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበራቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተዳረሰ፤ ግብይቱ እስኪቆም ሰዓታት አለፉ። የባንኩ ፕሬዚዳንት ወደ 490 ሺህ ግብይቶች መካሄዳቸውንና ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መውጣቱን ለጋዜጠኞች ተናገሩ፤ ከግብይቶቹ መካከል ሕጋዊ የሆኑም ነበሩ። ችግሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ፣ ከሲስተም ሥራ ጋር የተያያዘ እንደነበር ተገለጸ። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ገንዘቡን እንዲመልሱ መከሩ፣ ባንኩም ያልመለሱትን ስምና ፎቶ ለጠፈ። የሕዝቡ ክርክር ሁሉ በወሳጆቹ ጠባይ ላይ አተኮረ።

ለሙያው ሰው ግን ያ ሌሊት የሚያነሳው ጥያቄ ሌላ ነው፤ የሚመለከተውም አንድን ባንክ ሳይሆን በሌሊት ሲስተም የሚነካ ድርጅትን ሁሉ ነው። ለውጡን የሚያጸድቀው ማነው? ለውጡ ከገባ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ግብይቱን ዓይኑን ተክሎ የሚያየው ማነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ የገንዘብ ማሽኖቹን ከኔትወርክ አውጥቶ አገልግሎቱን የማቆም ሥልጣን ያለው የሌሊት ተረኛው ነው ወይስ ተረኛው ከእንቅልፍ ቀስቅሶ የሚያስፈቅዳቸው ኃላፊ? በብዙ ቦታ ተረኛው ችግሩን ያያል፣ መንስኤውንም ይጠረጥራል፤ አገልግሎት በማቋረጡ ነገ እንደሚጠየቅ ስለሚያውቅ ግን ይደውላል። ስልኩ አይነሣም። ይህ ተረኛ ኃላፊነት እንጂ ሥልጣን አልተሰጠውም።

ሥልጣኑ ከሥራው ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ያሳየው የአሜሪካው የጤና መድን መመዝገቢያ ድረ ገጽ፣ ሄልዝኬር ዶት ጎቭ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጥቅምት 1 ቀን 2013 ለሕዝብ ተከፍቶ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ምዝገባ ያጠናቀቁት 6 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሥራው ለ33 ኩባንያዎች በ60 ውሎች ተከፋፍሎ ነበር። የአገሪቱ የጤና ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር በኋላ ባወጣው ሪፖርት ከውድቀቱ መንስኤዎች ቀዳሚ ያደረገው ግልጽ መሪ አለመኖሩን ነው። ጣቢያው በተከፈተበት በዚያው ወር አንድ ኩባንያ ሁሉንም እንዲያስተባብር ተሾመ፤ ሜሪላንድ ውስጥም በየቀኑ ሁሉም የሚሰበሰቡበት ክፍል ተከፈተ። ከጎግል የመጣው ማይኪ ዲከርሰን በዚያ ክፍል ካስከበራቸው ደንቦች አንዱ በስብሰባው የሚናገረው ስለ ጉዳዩ ይበልጥ የሚያውቀው ሰው ነው እንጂ በማዕረግ ከፍ ያለው አይደለም የሚል ነበር። በኅዳር መጨረሻ ጣቢያው ለአብዛኛው ተጠቃሚ መሥራት ጀመረ። ኮዱን ያረሙት በአብዛኛው ቀድሞም የነበሩት መሐንዲሶች ናቸው።

በሶፍትዌር ልማት በኩልም ተመሳሳይ ጉዳይ አለ። ስክረም የተባለው አሠራር መመሪያ የትኛው ሥራ እንደሚቀድም የሚወስነው ፕሮዳክት ኦነር አንድ ሰው እንጂ ኮሚቴ እንዳልሆነ በግልጽ ይደነግጋል። በእኛ ዘንድ ይህ ቦታ ብዙ ጊዜ ከአምስት የሥራ ክፍል በተውጣጣ ኮሚቴ ይያዛል። ፋይናንስ አንድ ሪፖርት ይጨምራል፣ የሰው ኃይል ሌላ ቅጽ ይጨምራል፣ «ይቅር» የሚል ግን የለም። አልሚው ቅድሚያ የሚሰጠው ለየትኛው እንደሆነ ሲጠይቅ «ሁሉም አስቸኳይ ናቸው» ይባላል፤ ጨረታው ላይ የተጻፈው ጊዜ ያልቃል።

ስለዚህ በርክክብ ቀን ከቁልፉና ከይለፍ ቃሉ ጋር አንድ ገጽ ወረቀት አብሮ ይቅረብ። የአገልግሎቱ ባለቤት ስም፣ እርሳቸው በሌሉበት የሚተካቸው ሰው፣ ባክአፑን በየወሩ መልሶ በማስነሣት የሚፈትሸው ባለሙያ፣ የቬንደሩ የሌሊት ስልክ፣ ተረኛው ሳያስፈቅድ ሊያቋርጣቸው የሚችላቸው አገልግሎቶች ዝርዝር ይስፈርበት። የተረኛው የትርፍ ሰዓት ክፍያና የስልክ ወጪም እዚያው ይጻፍ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቅ አድሮ ጠዋት በመደበኛ ሰዓት ፈርሞ እንዲገባ የሚጠየቅ ሰው ለረጅም ጊዜ አይቆይምና። ወረቀቱ ላይ የፈረሙት ኃላፊ ሲቀየሩ አዲሱ ተሿሚ በመጀመሪያው ሳምንት አንብበው በስማቸው እንደገና ይፈርሙበት።