ቀይ የሆነ ሁሉ ቀይ ዋቅላሚ አይደለም

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚጓዝ መንገደኛ ሁምቦን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ የአባያን ሐይቅ ያያል። ውሃው ሰማያዊ ሳይሆን ወደ ቀይ ያደላ ቡናማ ነው። ይህን መልክ የሰጠው ሕይወት ያለው ነገር አይደለም፤ የብላቴ ወንዝና ሌሎች ወንዞች ከደጋው አጥበው ያመጡት፣ ሳይዘቅጥ በውሃው ውስጥ ተንሳፎ የሚቆይ ደቃቅ አፈር ነው። በሌላ በኩል በባሕር ዳርቻ ዓለቶች ላይ ተጣብቀው የሚያድጉ፣ ቀለማቸው ከራሳቸው ሕዋስ የሚመነጭ ፍጥረታት አሉ። እነዚህም ቀይ ዋቅላሚዎች (ቀይ አልጌ) ይባላሉ። ከ7,000 በላይ ዝርያዎቻቸው ተመዝግበዋል።

ከባሕር ርቃ በምትገኘው በገሱባ የሚማር ወጣት «ስለ ባሕር ዋቅላሚ ማወቅ ምን ይጠቅመኛል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ሆኖም በየቤተ ሙከራው ባክቴሪያ የሚበቅልበት፣ የእንሰትና የሙዝ ችግኝ በቲሹ ካልቸር የሚባዛበት፣ አጋር የተባለው የረጋ ነገር የሚገኘው ከቀይ ዋቅላሚ ነው። አጋር የሚቀልጠው 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ሲሆን፣ መልሶ የሚረጋው ግን ከ40 ዲግሪ ገደማ በታች ሲቀዘቅዝ ነው። በዚህ ጠባዩ ምክንያት በሙቅ የማብቀያ ሣጥን ውስጥ ሳይቀልጥ ይቆያል። ይህን የሚሰጠው ግን ማንኛውም ቀይ ዋቅላሚ አይደለም። ስለዚህ በእጃችን ያለው የትኛው ዝርያ እንደሆነ መለየት ግድ ይላል።

ቀይነቱ ከየት መጣ?

በመጀመሪያ ፊዚክሱን እንመልከት። የፀሐይ ብርሃን ወደ ባሕር ሲገባ ሁሉም ቀለማት እኩል አይዘልቁም። ቀዩ ብርሃን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ በአብዛኛው በውሃው ይዋጣል፤ ወደ ጥልቁ የሚወርደው ሰማያዊውና አረንጓዴው ነው። የመሬት ዕፅዋት የሚጠቀሙበት ክሎሮፊል ደግሞ ሰማያዊውንና ቀዩን እንጂ አረንጓዴውን እምብዛም አይውጥም። ቀይ ዋቅላሚ ይህን ጉድለት የሚሞላው ፋይኮኤሪትሪን በተባለ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን የሞገድ ርዝመቱ ከ490 እስከ 570 ናኖ ሜትር የሆነውን ብርሃን ይውጣል፤ ያልዋጠው ቀይ ብርሃን ተመልሶ ወደ ዓይናችን ይመጣል። የተዋጠው ጉልበት በእርከን ላይ እንደሚወርድ ውሃ ከፋይኮኤሪትሪን ወደ ፋይኮሳያኒን፣ ከዚያም ወደ አሎፋይኮሳያኒን፣ በመጨረሻም ወደ ክሎሮፊል ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ1984 በባሃማስ አቅራቢያ በ268 ሜትር ጥልቀት ላይ ሕያው ቀይ ዋቅላሚ የተገኘው በዚህ ብልሃት ነው።

ቀለም ሲያሳስት

እንግዲህ ቀለሙን አይቶ መፍረድ ይቻላልን? አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1823 ጀርመናዊው ተመራማሪ ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግ በሲና ልሳነ ምድር በቶር ወደብ የባሕሩ ውሃ ቀልቶ ተመለከተ። የጉዞ ጓደኛው ሄምፕሪክ እ.ኤ.አ. በ1825 በምጽዋ አረፈ፤ ኤረንበርግ ግን ወደ አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1830 ለዚያ ፍጡር ትሪኮዴስሚየም ኤሪትሬየም የሚል ስም ሰጠው። ዛሬ እንደምናውቀው ይህ ፍጡር የሕዋስ አስኳል የሌለው ሳይኖባክቴሪያ እንጂ ቀይ ዋቅላሚ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ፋይኮኤሪትሪን አለው። በተቃራኒው ንጹሕና ቀዝቃዛ በሆኑ ጅረቶች የሚኖረው ባትራኮስፐርመም አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ያዘለ አረንጓዴ ወይም ቡናማ መልክ ቢኖረውም፣ በትክክል የቀይ ዋቅላሚዎች ቤተሰብ ነው።

የመለየት ሥራ

ባለሙያው ናሙናውን ሲያነሣ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ጥልቀቱንና የተጣበቀበትን ነገር ይመዘግባል። ቀጥሎም የአካሉን ቅርጽ፣ የቅርንጫፎቹን አወጣጥና የመጣበቂያውን ዓይነት ይመረምራል። ከዚያ ስስ ቁራጭ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ያያል። ቀይ ዋቅላሚ በየትኛውም የሕይወቱ ደረጃ፣ በወንዴ የዘር ሕዋሱ እንኳ ሳይቀር፣ ጅራፍ መሰል መዋኛ የለውም፤ የሚያከማቸውም ስታርች ከአረንጓዴ ዕፅዋት በተለየ ሁኔታ ከክሎሮፕላስቱ ውጭ ይቀመጣል። ዝርያን ከዝርያ ለመለየት ደግሞ የመራቢያ አካላት አቀማመጥ ይታያል። በመጨረሻም አርቢሲኤል የመሰሉ ዘረ መሎች ተነብበው ስሙ መጀመሪያ ከተሰጠበት ናሙና ጋር ይነጻጸራሉ።

ምደባውም በየደረጃው ይሄዳል። ለምሳሌ አጋር የሚሰጠው ግራሲላሪያ በክፍለ ስፍን ሮዶፊታ፣ በመደብ ፍሎሪዲዮፊሲዬ፣ በክፍለ መደብ ግራሲላሪያሌስ፣ በአስተኔ ግራሲላሪያሲዬ ውስጥ የሚገኝ ወገን ነው፤ ከወገኑ በታች ዝርያው ይከተላል።

አንድ ዝርያ በሁለት ስም

በመለየት ሥራ ላይ ምን ያህል ነገር እንደሚንጠለጠል የሚከተለው ታሪክ ያስረዳል። ጃፓናውያን ኖሪ ብለው የሚመገቡት ፖርፊራ የተባለ ቀይ ዋቅላሚ በክረምታቸው ያድግና በበጋ ይጠፋል። በበጋ የት እንደሚሄድ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ አርሶ አደሮቹ መረባቸውን በባሕር ዘርግተው የሚመጣውን ከመጠበቅ በቀር አማራጭ አልነበራቸውም፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ምርቱ ክፉኛ ሲያሽቆለቁልም መፍትሔ አጡ።

በሌላ በኩል በዛጎል ውስጥ ሰርስሮ የሚኖር፣ ሮዝ ቀለም ያለው ደቃቅ ክር መሰል ዋቅላሚ እ.ኤ.አ. በ1892 ኮንኮሴሊስ ሮዝያ ተብሎ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ ተመዝግቦ ነበር። የማንችስተር ዩኒቨርሲቲዋ ካትሊን ድሩ ቤከር የፖርፊራን ስፖሮች በዛጎል ላይ አሳድጋ ስታይ ያ ክር መሰል ነገር በቀለ። ኮንኮሴሊስ ሌላ ዝርያ ሳይሆን የፖርፊራ የበጋ ገጽታ ኖሯል! ግኝቷ እ.ኤ.አ. በ1949 ኔቸር በተሰኘው መጽሔት ታተመ። የጃፓን ተመራማሪዎች ይህን ይዘው ክሩን በዛጎል ውስጥ እያራቡ መረብ ላይ መዝራት ቻሉ፤ ምርቱም አንሰራራ። ድሩ ቤከር ጃፓንን ሳትረግጥ እ.ኤ.አ. በ1957 ብታርፍም፣ እ.ኤ.አ. በ1963 በኡቶ ከተማ መታሰቢያ ቆሞላታል።

ወደ አህጉራችን ስንመለስ፣ በዛንዚባር እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በአብዛኛው ሴቶች የሚያለሟቸው ሁለት ቀይ ዋቅላሚዎች አሉ፤ በገበያ ስማቸው ስፒኖሰምና ኮቶኒ ይባላሉ። ቀድሞ ሁለቱም በአንድ ወገን ይመደቡ ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያው ለስላሳና ተለጣጭ፣ ሁለተኛው ጠንካራ የረጋ ነገር ስለሚሰጡ ኢንዱስትሪው እንደ አንድ አይቆጥራቸውም። ኮቶኒ የተሻለ ዋጋ ያወጣል፤ የባሕሩ ውሃ ሲሞቅ ግን ቀድሞ የሚሞተው እርሱ ነው። የሁለቱን ልዩነት ማወቅ ለእነዚህ ሴቶች የገቢ ጉዳይ ነው።

ይህ ዓይነቱ ዕውቀት ለወላይታ እንግዳ አይደለም። የእንሰት ገበሬ የቅጠሉን አካፋይ ጅማትና የግንዱን ቀለም አይቶ በርካታ የእንሰት ዓይነቶችን በስም ይለያል፤ የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለአሚቾ እንደሚሻልም ያውቃል። ሳይንስ ግን እነዚህን ሁሉ ኤንሴቴ ቬንትሪኮሰም በሚል አንድ ዝርያ ሥር ያኖራቸዋል። ሁለቱ አይጋጩም፤ ገበሬው በዝርያው ውስጥ ያለውን ልዩነት፣ ሳይንሱ የዝርያውን ወሰን ይናገራል። እናንተም በጓሯችሁ ወይም በአቅራቢያችሁ ጅረት ያገኛችሁትን ዋቅላሚ ስታነሡ ከስሙ በፊት ቦታውን፣ ቀኑንና የተጣበቀበትን ነገር ጻፉ። ስሙ ቢሳሳት ኋላ ይታረማል፤ ከየት እንደተነሣ ያልተጻፈለት ናሙና ግን ለማንም አይጠቅምም።