ለሽምግልና የሚሆን አነስተኛ ቤት፤ ስለ ፕላኑና ስለ ወጪው

አንድ የድሬዳዋ ባለሱቅ ለቀጠረው ጸሐፊ በየወሩ የጡረታ መዋጮ ይከፍላል። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ በ2003 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ይኸው ግዴታ ሆኗል፤ ከደመወዙ ላይ አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። ስለዚህ ጸሐፊው ዕድሜው 60 በሞላ ጊዜ የአገልግሎት ዘመኑን ያሟላ እንደሆነ በየወሩ የሚደርሰው ገንዘብ አለ። ለራሱ ደመወዝ ቆርጦ የማያውቀው የሱቁ ባለቤት ግን በዚያው ዕድሜ ሱቁን የዘጋ ዕለት በእጁ የሚቀረው ያጠራቀመው ገንዘብና የሠራው ቤት ብቻ ነው። ቤቱ ጡረታው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ጉዳይ ያነሳንበት ምክንያት፣ ነጋዴዎቻችን ለዕቃ ግዢ ሳንቲም ሳይቀር የሚያሰሉትን ያህል ለሽምግልና ቤታቸው ሲያሰሉ እምብዛም ስለማናይ ነው። በከተማችን ሰፈሮች የተዘዋወረ ሰው፣ ምድር ቤቱ ብቻ አልቆ የአርማታው ብረት ከጣራው በላይ እንደ ሸምበቆ ቆሞ የቀረበት ቤት ማየቱ አይቀርም። ባለቤቱ «ወደፊት ፎቅ ይሆናል» ብሎ የተወው ነው። በዚያ ብረትና በዚያ ወፍራም ምሰሶ የተቀበረው ገንዘብ በሱቅ ውስጥ ቢሆን ኖሮ በዓመት ስንት ጊዜ ይዞር እንደነበረ ከባለቤቱ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። ፎቁ የተፈጸመ እንደሆነም ነገሩ አይቀልም። በ50 ዓመቱ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ የወጣውን ደረጃ በ75 ዓመቱ በምርኩዝ መውጣት ግድ ይሆንበታልና፣ በመጨረሻ ፎቁን ለልጆች ትቶ ምድር ቤት ካለች አንዲት ጠባብ ክፍል ይገባል። ከመጀመሪያው ያስፈለገው ያችው ክፍል በደንብ ተሠርታ ነበር።

እንግዲህ የእኛ አሳብ ይህ ነው፤ ገንዘብ ያጠረው ሰው የቤቱን ስፋት ይቀንስ፤ የበሩን ወርድ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ስፋትና የወለሉን ደረጃ ግን አይንካ። እነዚህ ሦስቱ በመጀመሪያ ሲሠሩ የሚያስወጡት ተጨማሪ ገንዘብ ጥቂት ሲሆን በኋላ ይሻሻሉ ቢባል ግን ግድግዳ ማፍረስን ይጠይቃሉ።

ከፕላኑ አስቀድሞ ስለ ቦታው ጥቂት እንበል። ከተማችንን ከዚራና መጋላ ብሎ የሚከፍላት የደቻቱ ወንዝ አሸዋው ደርቆ በሚታይበት ወራት ማንንም የሚያሰጋ አይመስልም። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ግን ከላይ ከሐረርጌ ተራሮች የወረደው ጎርፍ ሕዝቡ በተኛበት ደርሶ ከሁለት መቶ የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት አጠፋ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችንም ያለ መጠለያ አስቀረ። ሌሊት ከአልጋ ዘሎ መሮጥ የማይችል ሽማግሌ በወንዝና በሸለቆ አፋፍ ቤት ሊሠራ አይገባም፤ ቦታው የቱን ያህል ቢረክስም። ከወንዙ በራቀ ቦታ ላይም ቢሆን የወለሉ ከፍታ ከመንገዱ በላይ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይጋጫሉ፤ ጎርፍን ለመከላከል ወለሉ ከፍ ይበል ሲባል፣ ለጉልበት ሲባል ደግሞ ደረጃ አይኑር ይባላል። ማስታረቂያው ተዳፋት መውጫ ነው። የተለመደው ልክ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ስለሆነ፣ ወለሉ በ30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ እንደሆነ መውጫው 3 ሜትር ከ60፣ በ45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ እንደሆነ ደግሞ 5 ሜትር ከ40 ይረዝማል። ከበረንዳው ጎን ግድግዳውን ታክኮ ቢሠራ ከግቢው ብዙ ቦታ አይወስድም።

ቀጥሎ የሚመጣው የፀሐይ ነገር ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ያለች ቆላ ከተማ ናት፤ ሙቀቷንም ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ነገር ግን በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ከጂቡቲ ደርሶ ከተማዪቱ ከተመሠረተች በኋላ ኩባንያው በከዚራ ያሠራቸውን ቤቶች አተኩሮ የተመለከተ ሰው ጥሩ ትምህርት ያገኛል። ሰፊ በረንዳ፣ ከፍ ያለ ጣራ፣ ነፋስ እያስገባ ፀሐይን የሚከለክል የእንጨት ፐርሲያና፣ በግቢው ውስጥም የዛፍ ጥላ አላቸው። ያን ጊዜ ማቀዝቀዣ መኪና አልነበረምና ቤቱ ራሱ ማቀዝቀዣ እንዲሆን ተደርጎ ተነደፈ። ወርኃዊ ገቢው ለተቀነሰ ሽማግሌም ዛሬ የሚበጀው የኤሌክትሪክ ሒሳብ የማይጠይቅ ጥላ ነው።

በእኛ ከተማ ፀሐይ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ 20 ገደማ በቀትር ልክ አናት ላይ ትውላለች። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ቀትሯ ወደ ሰሜን፣ በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ ያዘነብላል። በታኅሣሥ እንኳ፣ ወደ ደቡብ እጅግ ባዘነበለችበት ወር፣ ከግድግዳው 1 ሜትር አልፎ የወጣ የጣራ ጫፍ በቀትር ከላይ ወደ ታች 1 ሜትር ተኩል ያህል ግድግዳ ያጠላል። የሰሜንና የደቡብ ግድግዳ እንዲህ በቀላሉ ይጠበቃል። በምዕራብ በኩል ግን ፀሐይዋ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ የጣራ ጫፍ አያግዳትም። ስለሆነም ቤቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይርዘም፤ በምዕራቡ ጫፍ ሰው የማይቀመጥበት ክፍል ይግባ።

አሁን ሁለት ባልና ሚስት አሉ እንበል፤ ልጆቻቸው ወጥተዋል፤ አንዱ ልጅ ግን በበዓል ሊመጣ ይችላል። ለእነዚህ ሰዎች ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር ከ40 የሆነ፣ ማለትም የ64 ካሬ ሜትር ቤት ይበቃል። ሁለቱም ልክ በ40 ሳንቲ ሜትር ስለሚካፈል ብሎኬቱ ያለ ብዙ ስብራት ይገባል። 8 በ8 የሆነ ቤት ስፋቱ ያው 64 ካሬ ሜትር ሆኖ የዙሪያው ግድግዳ 32 ሜትር ነው፤ የእኛው 32 ሜትር ከ80። ምዕራቡን ግድግዳ አሳጥሮ ቤቱን ከፀሐይ ለማዳን የተከፈለው ዋጋ የ80 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ ብቻ ነው ማለት ነው። ግድግዳው 3 ሜትር ከ20 ከፍታ ቢኖረው ስፋቱ 105 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ለአንድ ካሬ ሜትር 12 ተኩል ብሎኬት ሲታሰብ፣ የበርና የመስኮቱ ሳይቀነስ፣ ለዙሪያው 1,312 ብሎኬት ያህል ይገባል።

ውስጡ በሁለት ረድፍ ይከፈል። በደቡቡ ረድፍ ከምሥራቅ ተነሥቶ መጀመሪያ መኝታ ቤቱ (3.40 በ2.90)፣ ቀጥሎ መታጠቢያ ቤቱ (2 በ2.90)፣ ከዚያ ማድ ቤቱ (2.20 በ2.90)፣ በምዕራቡ ጫፍ ዕቃ ቤቱ (1.55 በ2.90) ይሰለፉ። የከሰዓቱን ፀሐይ የሚቀበለው ዕቃ ቤቱ ነው፤ መኝታ ቤቱ የጧቱን ፀሐይ ብቻ አይቶ እስከ ማታ ይበርዳል። በሰሜኑ ረድፍ ሳሎኑ 6.80 በ2.95 ሆኖ ወደ በረንዳው ይከፈት፤ ከእርሱ በስተምዕራብ 2.65 በ2.95 የሆነች አንዲት ክፍል ትቀራለች። መታጠቢያ ቤቱና ማድ ቤቱ በአንድ ግድግዳ ስለሚዋሰኑ የውኃው ቧንቧ ሁሉ በዚያው ግድግዳ ላይ ይሰበሰባል። ኮሪደር የሚባል ነገር አለመኖሩን አንባቢ ይመለከታል። ኮሪደር ወለሉም ጣራውም ተከፍሎበት ማንም የማይቀመጥበት ቦታ ነውና ባጀቱ ለጠበበ ሰው አይመከርም። ለመኪና መጠለያም ቦታ አልተውንም። ባጃጅ እስከ ደጃፍ በምትደርስበት ከተማ፣ መንዳት ሊያቆም ለተቃረበ ሰው የመኪና ቤት መሥራት ትርፉ አይታየንም።

መታጠቢያ ቤቱ ከሌላው አንጻር ሰፋ ያለ መስሎ ከታየ፣ ሆነ ተብሎ የተደረገ ነው። ሁለት በር ይኑረው፤ አንዱ ከመኝታ ቤቱ፣ ሁለተኛው ለእንግዳ ከሳሎኑ። ሌሊት ከአልጋ የሚነሣ ሰው ጥቂት እርምጃ ብቻ ይራመዳል። በውስጡ በተሽከርካሪ ወንበር ለመዞር 1 ሜትር ከ50 ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፤ በሮቹም 90 ሳንቲ ሜትር ይሁኑ፤ ደፍ አይኑራቸው፤ ወደ ውጭ ይከፈቱ፤ ሰው በውስጥ ቢወድቅ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር በገዛ ገላው ይዘጋበታልና። መቀመጫው ቁጢጥ የሚያስብል ሳይሆን ከፍ ያለ ይሁን። በመቀመጫውና በገላ መታጠቢያው አጠገብ ግድግዳው በሚገነባበት ጊዜ ብሎኬቱ በኮንክሪት ይሞላ፤ የእጅ መደገፊያው ብረት ዛሬ ባይገዛ እንኳ ነገ የሚታሰርበት ጠንካራ ቦታ ይኖረዋል። ክፍት በሆነ ብሎኬት ላይ የታሰረ ብረት የሰው ክብደት ሲያርፍበት ተነቅሎ ይወጣል።

በዚህ አጋጣሚ አስመጪዎቻችንን አንድ ነገር ማሳሰብ እንወዳለን። የሚያብረቀርቅ የወለል ሴራሚክ በየመደብሩ ሞልቷል፤ ውኃ ሲነካው ግን ወጣቱንም ያንሸራትታል። ሸካራ ፊት ያለው ሴራሚክ፣ የእጅ መደገፊያ ብረት፣ በክርን ተጭነው የሚከፍቱት የበር እጀታ እንደዚያ በብዛት ቢቀርብ ገዢ የሚያጣ አይመስለንም፤ የደንበኞቻችሁም ዕድሜ ከእናንተው ጋር እየገፋ ነው። እስከዚያው ድረስ ለሳሎኑና ለመኝታ ቤቱ በደንብ የተሠራ ሊሾ ወለል አይናቅ።

በዕቃው በኩል ድሬዳዋ ዕድለኛ ናት። በሀገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተተከለው በዚሁ ከተማ ነው። በጣራው ላይ ቁጠባ ሲታሰብ የቆርቆሮውን ጌጅ ማሳነስ አይገባም፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ነጋዴው ያውቃል፤ ሽማግሌ ደግሞ ጣራ ላይ ወጥቶ አይጠግንም። ኮርኒሱ እስኪሠራ ጥቂት ወራት ቢዘገይ ግን አይጎዳም፤ ከቆርቆሮው በታች ያለው ሙቅ አየር በሁለቱም ጫፍ የሚወጣበት ቀዳዳ ከተተወለት ኮርኒሱ ሲመጣ ሥራውን ይሠራል። አጥር፣ ቁም ሣጥን፣ የውጭ ቀለም፣ እነዚህም ሊቆዩ ይችላሉ። የከተማችን ውኃ ኖራ የበዛበት ስለሆነ ቀጫጭን ቧንቧ ከጊዜ በኋላ ይደፈናል፤ ስለዚህ በግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው ቧንቧ ወፈር ይበል፤ መዝጊያ ቧንቧዎቹም እጅ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ይሁኑ። ለሮቶው መቆሚያ ጠንካራ መደብ በማድ ቤቱ በስተደቡብ ይሠራ።

በሰሜን ምዕራብ የቀረችው ክፍል የቤቱ ሁሉ ሒሳብ የሚያያዝባት ናት። ለእርሷ ብቻ ወደ ውጭ የሚወጣ በር ይደረግላት፤ ወደ ሳሎኑ የሚያገባ የበር ቦታም ከላይ የአርማታ ተሸካሚ ተደርጎለት በብሎኬት ይደፈን። ባልና ሚስቱ ብርቱ ሆነው ሳለ ክፍሏ ትከራያለች፤ ቦታው ወደ መንገድ የተጠጋ እንደሆነ አነስተኛ ሱቅም ትሆናለች። የሚረዳቸው ሰው ያስፈለጋቸው ቀን የተደፈነው ይከፈትና አስታማሚው ይገባባታል። ተከራይ እንዳለ ቤተሰቡ ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር እንዳይጋፋ በግቢው ጥግ አንድ የውጭ መጸዳጃ ከወዲሁ ቢታሰብ መልካም ነው።

የመሠረቱ ቁፋሮ ከመጀመሩና ማዘጋጃ ቤቱ ለፈቃድ የሚጠይቀው ፕላን ተነድፎ ከመፈረሙ በፊት አንድ ቀን ይመደብ። ችካልና ሲባጎ ይዞ የቤቱን ልክ በቦታው ላይ መወጠር፣ ግድግዳውንና በሮቹን ሁሉ በኖራ ማስመር፣ አልጋውንና ወንበሩን በካርቶን ለክቶ በየቦታው ማስቀመጥ ነው። ከዚያ በኋላ ከዘመድ መካከል በምርኩዝ የሚሄዱ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ተለምነው ይምጡና ከአልጋው እስከ መጸዳጃው፣ ከመጸዳጃው እስከ በረንዳው ይራመዱበት። ምርኩዛቸው ኖራውን የነካበት ቦታ ሁሉ ተደምስሶ እንደገና ይሰመር።