በሎሚ የታጠበችው ሳንቲም

እኔ ያጠፋሁትን ሌላው እንዳይደግመው ብዬ ነው የምጽፈው።

ታላቅ ወንድሜ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወደ ኩባ፣ ወደ ወጣቶች ደሴት ከተላኩት ልጆች አንዱ ነበር። ሲመለስ፣ ምግብ ታበስልላቸው የነበረች አሮጊት ለማስታወሻ የሰጠችውን አንዲት የጠቋቆረች ሳንቲም ይዞ መጣ። ዛሬ ወንድሜ በሕይወት የለም። ሳንቲሟ ግን ለእኔ ቀረች።

አምና የሁለት ወር የቤት ኪራይ ተጠራቀመብኝ። አሮጌ ሳንቲም የሚሰበስቡ አንድ ሽማግሌ አገኘሁና «አምጣት፣ ልያት» አሉኝ። እኔም ብልጥ ነኛ! ሌሊቱን በሎሚና በአመድ ስፈትጋት አመሸሁ። እንደ መስታወት አበራች!

ጠዋት ሳሳያቸው ሽማግሌው ራሳቸውን ያዙ። «ምነው ልጄ! ፊቷን ላጥከው እኮ!»

ከዚያ በኋላ ነው ያስተማሩኝ። ኩባ የራሷን ገንዘብ ከማውጣቷ በፊት የምትገበያየው በስፔን፣ በፈረንሳይና በአሜሪካ ገንዘብ ነበር። የራሷ ሳንቲሞች የወጡት እ.ኤ.አ. በ1915 ሲሆን፣ የተመቱት አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ውስጥ ነው። ንድፉን የሠራው ቻርልስ ባርበር ነው። በወርቆቹ ላይ የሆሴ ማርቲ መልክ አለ፤ በብሮቹ ላይ ደግሞ የምታበራ ኮከብና «አገርና ነፃነት» የሚል የስፓኝ ጽሑፍ። የእኔዋ ባለ 40 ሳንታቮ ናት። ዘጠና በመቶው ንጹሕ ብር፣ ክብደቷ 10 ግራም።

«ጋሼ፣ ታዲያ ስንት ታወጣለች?» አልኳቸው።

«ትናንት ብትሆን ለሰብሳቢ ዋጋ ነበራት። ዛሬ የብሯን ክብደት ነው የምከፍልህ» አሉኝ። ክው አልኩ!

ውድ አንባብያን፣ ከአያት ከአባት የቀረ ሳንቲም ካላችሁ ምክሬ ይኸው። ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም፤ ብር ሲያረጅ የሚለብሰው ልብስ ነው። ሎሚም፣ አመድም፣ የጥርስ ሳሙናም አታስነኩት። ስትይዙት ፊቱን ሳይሆን ጠርዙን ያዙ። ልትገዙ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ወርቅ ቤት ወስዳችሁ አስመዝኑ። ባለ 40ዋ ከ10 ግራም ብዙ ከራቀች ጠርጥሩ! ማግኔት ከሳባትማ ነገሩ አለቀ፤ ብር በማግኔት አይሳብም።

እኔስ? አልሸጥኳትም። ኪራዩን ከጓደኛዬ ተበድሬ ከፈልኩ። ሳንቲሟ አሁን በወረቀት ተጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ተቀምጣለች። ሽማግሌው እንዳሉት፣ ቀስ በቀስ መልሳ መጥቆሯ አይቀርም። የተፋቀው ፊቷ ግን አይመለስም። አሁን የሚቆጨኝ ገንዘቡ አይደለም፤ የአሮጊቷንና የወንድሜን የእጅ ወዝ በገዛ እጄ አጥቤ መድፋቴ ነው።