ሥዕሉን የሣለው ማን ነው?

ብሬዴንግ የሚያድግን ልጅ «ፒፒ ምን ትመስላለች?» ብላችሁ ብትጠይቁት መልሱን ወዲያው ይነግራችኋል። ቀይ ጸጉር፣ ወደ ጎን የቆሙ ሁለት ሹሩባዎች፣ ፊቷ ላይ ነጠብጣብ፣ እግሯ ላይ ደግሞ የማይመሳሰሉ ካልሲዎች። «መጽሐፉን ማን ጻፈው?» ብትሉትም አስትሪድ ሊንድግሬን ማለቱ አይቀርም። «ሥዕሉንስ ማን ሣለው?» ስትሉት ግን ልጁም ዝም ይላል፤ አጠገቡ ያሉት ወላጆቹም ዝም ይላሉ።

ዛሬ የምናነሣው ስማቸውን ስለምንረሳቸው ስለ እነዚህ ሰዎች ነው፤ ለመጻሕፍት ሥዕል ስለሚሥሉ ሠዓሊዎች። ውጭ አገር ልጅ ለምናሳድግ ቤተሰቦች ጉዳዩ የጌጥ ብቻ አይደለም። ፊደል ገና በመቁጠር ላይ ያለ ልጅ መጽሐፍ ሲከፍት መጀመሪያ የሚያነበው ሥዕሉን ነው። በስዊድንኛ በየሳምንቱ አዲስ፣ የሚያምር የሥዕል መጽሐፍ እያገኘ፣ በአማርኛ ግን ፎቶ ኮፒ የተደረገ የፊደል ገበታ ብቻ ከደረሰው፣ ስዊድንኛ የጨዋታ ቋንቋ፣ አማርኛ የቤት ሥራ ቋንቋ ይሆንበታል።

ከሌላ አገር የመጡ ሁለት ሠዓሊዎች

በፒፒ እንጀምር። የመጀመሪያው የፒፒ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲታተም ሥዕሎቹን የሣለችው ኢንግሪድ ቫንግ ኒማን ናት። ኢንግሪድ የተወለደችው ዴንማርክ ነው። ሥዕሎቿን ስታዩ መስመሩ ጥርት ያለ፣ ቀለሙም ደማቅ ነው። ጥላና ጭጋግ አታበዛም። ፒፒ ከሩቅም የምትለየው ለዚህ ነው።

ሁለተኛዋ ኢሎን ቪክላንድ ናት። እ.ኤ.አ. በ1930 ኢስቶኒያ ውስጥ ታርቱ በምትባል ከተማ ተወለደች፤ ያደገችው ግን በባሕር ዳርቻዋ ሃፕሳሉ፣ ከአያቶቿ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 በጦርነቱ ምክንያት ብዙ ሰው አገሩን ጥሎ ሲሸሽ ኢሎንም ያለ ወላጆቿ በጀልባ ባሕሩን አቋርጣ ስዊድን ገባች። ያኔ 14 ዓመቷ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ የአስትሪድ ሊንድግሬንን «ሚዮ» ሣለች። ከዚያ በኋላ ጣራ ላይ የሚኖረውን ካርልሶንን፣ የአንበሳ ልብ ያላቸውን ወንድማማቾች፣ የሽፍታውን ልጅ ሮኒያን የሣለችው እርሷ ናት።

የኢሎን ሥዕል ከኢንግሪድ ይለያል። መስመሮቿ ብዙና ቀጫጭን ናቸው። በአንዱ ጥግ ውሻ ተኝቶ፣ በሌላው ጥግ ጫማ ወድቆ ታገኛላችሁ። የልጅነት ከተማዋ የሃፕሳሉ ቤቶችና መንገዶችም ለስዊድን ልጆች በሣለቻቸው ሥዕሎች ውስጥ ገብተዋል።

ልጆች፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ፒፒንም ሮኒያንም ሁሉም ሰው «የስዊድን» ይላቸዋል። መልካቸውን የሰጧቸው ግን ከሌላ አገር የመጡ ሁለት ሴቶች ናቸው። አንዷም እንደ ብዙዎቻችን ወላጆች ስደተኛ ነበረች። ቤቷ ውስጥ ሌላ ቋንቋ መናገሯ፣ ሌላ መንገድ ማስታወሷ ሥዕሏን አላጎደለባትም፤ ጨመረላት እንጂ።

ስዊድን ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ትልቅ ክብር ትሰጣለች። በአስትሪድ ሊንድግሬን ስም የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሽልማት 5 ሚሊዮን ክሮኖር ሲሆን፣ ደራሲዎች ብቻ ሳይሆኑ ሠዓሊዎችም ይሸለሙታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ያሸነፈችው ኤቫ ሊንድስትሮም በሥዕል መጽሐፎቿ የምትታወቅ ስዊድናዊት ናት።

እኛም ሥዕል ያለው መጽሐፍ ነበረን

«በአማርኛ የሥዕል መጽሐፍ የለም» ሲባል እንሰማለን። ለልጆች የተዘጋጀው ጥቂት መሆኑ እውነት ነው። መጽሐፍን በሥዕል ማስዋብ ግን ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። አድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች በዓለም ላይ ካሉት ባለ ሥዕል ወንጌሎች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው። ተመራማሪዎች ብራናውን መርምረው ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተሠራ ገምተዋል። ብራና ማለት ታጥቦ፣ ተወጥሮና ተፍቆ ለጽሑፍ የተዘጋጀ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው።

የእነዚያ ሠዓሊዎች ስም አብዛኛው አልተጻፈም። ሥዕሉ ለእግዚአብሔር ክብር ነውና ብዙዎቹ ስማቸውን ሳያስቀምጡ አልፈዋል። ስማቸው ከደረሰን ጥቂቶች አንዱ ፍሬ ጽዮን ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ የኖረ ሠዓሊ ሲሆን፣ በጣና ሐይቅ ላይ ባለው በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት የሚገኝ የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙ ተጽፏል። አንድ ስም ስለተጻፈ ብቻ፣ ከ500 ዓመት በላይ አልፎም ስለ እርሱ ማውራት ቻልን።

የድሮ ሥዕሎቻችን የራሳቸው ሕግ አላቸው። ቅዱሳንና ደጋግ ሰዎች ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ይታያሉ። ክፉ ሰዎች ግን በጎን ይሣላሉ፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱ ልጆች በሚቀጥለው ጊዜ ግድግዳውን ተመልከቱና ደጉንና ክፉውን ለዩ። ይህን የምታውቁ ከሆነ ጽሑፉን ሳታነቡ ታሪኩን መከተል ትችላላችሁ።

የንግሥት ማክዳ ታሪክ የተሣለበትን ጨርቅም ያየ ሰው ይኖራል። ብዙውን ጊዜ 44 ትንንሽ ሥዕሎች በተርታ ተደርድረውበት፣ በየሥዕሉ ላይ አጭር የአማርኛ ጽሑፍ ይኖረዋል። ታሪኩ ሕዝቡን ካስጨነቀው ዘንዶ ይጀምራል፤ ንግሥቲቱ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዳ ንጉሥ ሰሎሞንን ታገኛለች፤ ልጃቸው ምኒልክም ይወለዳል። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። ልጆቻችን ዛሬ ኮሚክ የሚሉት ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ለልጆች የተሣሉ የአማርኛ መጻሕፍት

አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በስደት አሜሪካ ገብተው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ይሠሩ ነበር። በልዩ ልዩ ቋንቋዎች የልጆች መጻሕፍት ግዙ ሲባሉ በአማርኛ የሚገዛ አጡ። ስለዚህ ራሳቸው አንድ አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአማርኛና በእንግሊዝኛ የወጣው ይህ መጽሐፍ ስለ ሞኙ ማሞ የሚነገረውን ተረት የያዘ ነው። የመጽሐፉ ሽያጭ ለኢትዮጵያ ልጆች ቤተ መጻሕፍት ለመክፈት ረዳ። እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ ሰፈር የመጀመሪያው ተከፈተ፤ በኋላም ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ።

የአቶ ዮሐንስን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቃል፤ ይገባቸዋልም። ግን ማሞን ዓይንና እግር የሰጠው ማን ነው? ሠዓሊ ቦጋለ በላቸው ነው። ይህንንም ስም አብረን እንያዝ።

ከፍ ላሉ ልጆች ደግሞ ኤታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመው «ጀምበር» አለ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም የወጣ፣ ኢትዮጵያዊ ጀግና ያለበት ኮሚክ ነው። በስዕል የታጨቀ፣ ንግግሩም አጫጭር ስለሆነ አማርኛ ማንበብ ለሚከብዳቸው ወጣቶች ጥሩ መነሻ ነው።

እቤት ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ቤተ መጻሕፍት እንሂድ። ብሬዴንግ የራሱ ቤተ መጻሕፍት አለው፤ መዋስም በነጻ ነው። የስዊድን የቤተ መጻሕፍት ሕግ ከስዊድንኛ ሌላ የእናት ቋንቋ ላላቸው ሰዎች ልዩ ትኩረት እንዲሰጥ ያዛል። የአማርኛ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ባታዩም ሠራተኛዋን ጠይቁ። ከሌላ ቤተ መጻሕፍት ሊያስመጡ ወይም እንዲገዛ ሐሳብ ሊቀበሉ ይችላሉ። የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ግን የሚፈልግ መኖሩን ማንም አያውቅም።

መጽሐፉ የስዊድንኛ ቢሆንም ግድ የለም፤ ሥዕሉን በአማርኛ ማውራት ይቻላል። ከማንበባችሁ በፊት ሽፋኑን ወይም የመጀመሪያውን ገጽ አይታችሁ የሠዓሊውን ስም ፈልጉ። በስዊድንኛ መጽሐፍ ላይ «ቢልድ» ከሚለው ቃል አጠገብ ይገኛል። ከዚያ እነዚህን ጥያቄዎች ልጆቻችሁን ጠይቁ፦

ዓይንህ መጀመሪያ ያረፈው የት ላይ ነው? ለምን?

ጽሑፉ ውስጥ የሌለ፣ ሠዓሊዋ ራሷ የጨመረችው ነገር ምንድን ነው?

ይህ ታሪክ እኛ ቤት ቢሆን ኖሮ ጠረጴዛው ላይ ምን ይሣል ነበር?

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ያስወራል። መሶቡ፣ ጀበናው፣ ስኒው፣ ረከቦቱ፣ የአያት ነጠላ ሁሉ ይነሣል። ልጁ ቃሉን ከረሳው በእጁ ይሥለዋል፤ እናንተ ስሙን ትነግሩታላችሁ። በቃል ዝርዝር ያልያዘውን ቃል ራሱ ከሣለው ነገር ጋር ያስታውሰዋል።

በመጨረሻም የራሳችሁን መጽሐፍ ሥሩ። እሑድ ለአያት ስልክ ደውሉና «ተረት ተረት» እስኪሉ ጠብቁ፤ «የላም በረት» በሉና የአያ ጅቦን ወይም የጦጣን ተረት አዳምጡ። አንድ ወረቀት ለአራት ከፍላችሁ በየክፍሉ አንድ ሥዕል ይሣል። ከሥዕሉ በታች አንድ አጭር የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ፊደሉ ቢንጋደድ፣ ጅቡ ውሻ ቢመስል ችግር የለውም።

አንድ ነገር ግን አይቅር። ከታች፣ በቀኝ ጥግ፣ ልጁ «ሥዕል፦» ብሎ ስሙን በፊደል ይጻፍ። ወረቀቱንም ፎቶ አንሥታችሁ ለአያት ላኩላቸው። ማን እንደሣለው አይተው ያነባሉ።